የቆራሌው ካርታ

ጦሳ ጭጋጉን ሳያወልቅ ገና፣
«ቆራሌው!» ይላል ጋሽ ሙሄ፣ ከሸዋ በር ሽቅብ ሲያቀና።
ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ሳህን፣
ጆንያው ይውጣል የሰው ቤት የሰለቸውን።
ማታ ግን ከደጃችን ቁጭ ይልና
«ና እስቲ፣ የፈረንጅ ፊደል አዋቂ፣ ና!
ከሥሩ ምን ይላል?» ይለኛል ገልብጦ፣
የኮቱ እጅጌ ከአቧራው ጋር ተላቁጦ።

ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ ማንበብ እችላለሁ፤
ምን ማለት እንደሆነ ግን በምን አውቃለሁ?
«ሊ-ሞ-ጌስ» አልኩት፣ ፊደሉን እየለቀምኩ፤
ሊሞዥ መባሉን ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁ፣ አፈርኩ።
«ፈረንሳይ ነው፤ ሳህን ይሠራሉ ማለት ነው» አልኩት፤
«ከተማው ሙሉ?» አለ። «መሰለኝ» ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ ወዲያ በረንዳችን ፈረንሳይ ሆነ፤ አንድ ከተማ በአንድ ማታ፤
እኔ አነባለሁ፣ እሱ አይረሳም፤ ከሁለታችን ማን ይረታ?

የዲዦን ሰናፍጭ፤ ከብልቃጡ የቀረውን በጣቱ ጠርጎ ቀመሰ፤
«የኛው ይበልጣል» አለ፤ እንባው ግን ጺሙ ድረስ ፈሰሰ።
ከማርሴይ፣ ከሳሙናው አገር፣ ካርቶኑ ብቻ ደረሰ።

የቦርዶን ጠርሙስ በአንገቱ ያዘው፣ ፊቱን አዙሮ፤
«ሐራሙ ወጥቶለታል» አለኝ፣ ለጠርሙሱ ተከራክሮ፤
ሰባቴ አጥቦ የኑግ ዘይት ሞላበት፣ ለክረምት አኑሮ።

የቤዛንሶን ሰዓት፣ በኛ ዐሥር፣ በነሱ አራት ላይ የቆመ፤
«ከተማውም እንዲህ ቆሟል እንዴ?» ብሎ ተገረመ።

ክሌርሞን ፌራን፦ ከጭነት መኪና ጎማ ላይ፣ በጉልህ የተጻፈ፤
ግማሹ በረባሶ ሆኖ የባቲን መንገድ አለፈ፣
በግመል ነጂ እግር «ፌራን፣ ፌራን» እያለ አሸዋው ላይ ጻፈ።

ከግራስ የመጣች የሽቶ ጠርሙስ፣ አውራ ጣት የምታህል፤
ባዶ ናት፤ ሙሄ ክዳኗን ነቅሎ ለሰፈሩ አፍንጫ ሲያድል
ክረምቱን ሙሉ ሸተተን፣ ያላየነው የአበባ ማሳ፤
እሷን አልሸጣትም፤ ከኪሱ አትወጣም፣ ሲተኛም ሲነሣ።

እህቴ ዳንቴል ስትሠራ አይቶ «ይሄስ ከየት ነው?» አለ።
«ቃሉ ከነሱ፣ ክሩ ከኮምቦልቻ፤
ጣቱ የኔ» አለች እየሳቀች። ሙሄ ዝም አለ።

በጥር አንድ ማታ ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ።
«የነሱ ከተማ ሁሉ በዕቃ ተሳፍሮ ወጣ፤
ሃያ ዓመት ስለቅም፣ ከሥሩ ‹ደሴ› የሚል አንድ እንኳ ታጣ።
ወይ አገሩ አልሠራ፣ ወይ የሠራውን አልጻፈ፤
የሰው ስም በትከሻዬ ተሸክሜ ዕድሜዬ አለፈ።»

በሰኞ ገበያ ወረድን፣ ሸክላ ወደሚሸጥበት፤
እትዬ አንጓች ድስቶቿን ደርድራለች፣ ጭድ ጎዝጉዛበት።
«ከሥሩ ‹ደሴ› ብለሽ ጻፊበት፤ አንድ ብር እጨምራለሁ።»
ቀና አለች። «ለምን? የገዛኝን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፤
ድስቱ ሲሰነጠቅ ከነወጡ ይዛው የምትመጣዋን፣
ስትሰድበኝ የምትውለዋን፣ የአማቷን ስም፣ የልጇን።
ስሙን የሚጽፈው የሩቅ ሰው ነው፣ መጥተው የማይሰድቡት፤
እኔን ሲከፋቸው፣ ሰኞ ሰኞ፣ እዚሁ ነው የሚያገኙኝ፤ እዚሁ ነው የሚጮኹት።»

ሙሄ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ቃል አልመጣለትም።
ድስት ገዛ፤ እንደ ልማዱ ገልብጦ በእጅጌው አበሰ፤
አንድ አውራ ጣት፣ ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነ፣
እሳት ውስጥ ገብቶ የተመለሰ።
«ምን ይላል?» አለኝ።
ፊደል ፈለግሁ፤ መስመር በመስመር፣ ክብ በክብ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ አቃተኝ፣ ለሱ ማንበብ።

አሁን ወልዲያ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ካርታው ግድግዳ ላይ አለ፤
«ሊዮን?» ስል «ሐር!» ይላል ክፍሉ፤ «ቲዬር?» ስል፣ «ቢላ!» እያለ።
መልሱ ትክክል ነው፤ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።
የሙሄ የሊሞዥ ስባሪ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጠመኔ አኖርበታለሁ።
ግን ወደ ቤት ስገባ፣ መንገድ ዳር ገል ወድቆ ካየሁ
ጎንበስ ብዬ እገለብጠዋለሁ።